ከአፕግሬድ በኋላ ሊኑክስ «አላስገባም» ሲል

አፕግሬዱ በሰላም አለቀ። ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ የመግቢያው ገጽ መጣ። የይለፍ ቃላችሁን ጻፋችሁ። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለም አለና ያው የመግቢያ ገጽ ተመልሶ መጣ። ደገማችሁት። ያው ነው። ምን እንደተበላሸ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም።

እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው» የሚል ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ። እኔ አንድ ጊዜ ቸኩዬ አድርጌዋለሁ። ሙሉ ቀን ወሰደብኝ፤ ሌላ ቦታ ያልገለበጥኳቸው ፎቶዎችም አብረው ጠፉ። ከወራት በኋላ ያው ችግር ሌላ ኮምፒውተር ላይ ገጠመኝ፤ ያኔ ቁጭ ብዬ መረመርኩት። ዲስኩ ሞልቶ ነበር። በቃ፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ጥቂት ፋይሎች ሳጠፋ ገባልኝ። የጠፉት ፎቶዎች ያን ቀን እንደገና አንገበገቡኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ችግር ሲመጣ ፋይሎቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው ናቸው። የተዘጋው በሩ ነው።

ስለ አጻጻፌ አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን በሚጠሩበት ድምፅ በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው። «ሰረዝ» ያልኩት የመቀነስ ምልክቱን ነው። «ስላሽ» ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘመመው መስመር ነው።

የተዘጋው የትኛው በር ነው?

ለእኛ መግባት ማለት ቃሉን ጽፎ ኢንተር መጫን ነው። ከውስጥ ግን ቅብብሎሽ አለ። መጀመሪያ የመግቢያውን ገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም አለ። ጂኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ጂዲኤም፣ ኬዲኢ በሚባለው ላይ ኤስዲዲኤም፣ ቀለል ባሉት ዴስክቶፖች ላይ ላይትዲኤም ይባላል። እሱ የይለፍ ቃላችሁን ተቀብሎ ፓም ለሚባለው ፈታሽ ያስረክባል። ፓም ቃሉ ትክክል መሆኑን፣ አካውንቱም አለመቆለፉን ያያል። ካለፋችሁ ሴሽን ይከፈታል። ማለትም ሆም ፎልደራችሁ (የግል ፋይሎቻችሁ ያሉበት) ይነበባል፣ ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ዌይላንድ ወይም ኤክስ11 ይነሳል። ዴስክቶፑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቱን አስተውሉ። «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ካላችሁ ችግሩ ፓም ጋ ወይም ኪቦርዱ ላይ ነው። ስክሪኑ ጨልሞ ወደ መግቢያው ከመለሳችሁ ቃላችሁ ተቀባይነት አግኝቷል፤ የወደቀው ሴሽኑ ነው። የመግቢያው ገጽ ጭራሽ ካልመጣ ወይ የግራፊክስ ድራይቨሩን ወይ ገጹን የሚያሳየውን ፕሮግራም ጠርጥሩ። ይህን ሳይለዩ ያገኙትን ትዕዛዝ ሁሉ መሞከር አንዱን ችግር ሦስት ያደርገዋል።

ከመግቢያው ገጽ ሳትወጡ

ስማችሁን ስትጫኑ በገጹ ጥግ ላይ ትንሽ ጥርሳም ጎማ የሚመስል ምልክት ወይም የሴሽን ዝርዝር ይመጣል። ክፈቱት። ሌላ አማራጭ ካለ መርጣችሁ ግቡ። ዌይላንድ ላይ ከነበረ ኤክስ11ን፣ ኤክስ11 ላይ ከነበረ ዌይላንድን ሞክሩ። ይህ ቀላል ነገር ስንቱን እንዳዳነ አይቻለሁ።

ከአፕግሬድ በኋላ ይህ ለምን ይመጣል? ሲስተሙ ባለፈው የመረጣችሁትን ሴሽን ያስታውሳል። አፕግሬዱ ያንን ሴሽን አውጥቶት ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፌዶራ በ40ኛ እትሙ ኬዲኢን ያለ ኤክስ11 ሴሽን ነው ያወጣው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጂኖም 49 የኤክስ11 ሴሽኑን ዘግቶ መጣ፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱም በ25.10 እትሙ የጂኖምን የኤክስ11 ሴሽን አስቀርቶታል። ለዓመታት በኤክስ11 ሲገባ የነበረ ሰው አፕግሬድ ባደረገ ማግሥት ግር ቢለው አይገርምም።

የኪቦርዱን ቋንቋም እዚያው ተመልከቱ። አፕግሬድ አቀማመጡን ሊቀይረው ይችላል። የይለፍ ቃላችሁ ውስጥ ምልክት ወይም ዜድና ዋይ ካለ፣ ቦታቸው ተቀያይሮ እናንተ ትክክል የጻፋችሁት ሌላ ሆኖ ይገባል። ካፕስ ሎክንም እዩ።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን መውረድ

ካልሆነ ኮንትሮልና አልትን ይዛችሁ ኤፍ3ን ተጫኑ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትለዋን ቁልፍም መጨመር ያስፈልጋል። ጥቁር ስክሪን ላይ ስማችሁን የሚጠይቅ መስመር ይመጣል። ይህ ቲቲዋይ ይባላል። ዴስክቶፕ አያስፈልገውም፤ ለዚህ ነው ዴስክቶፑ ሲሞት እሱ የሚተርፈው። ወደ መግቢያው ገጽ ለመመለስ ያንኑ በኤፍ1 ወይም በኤፍ2 ነው፤ አንዳንዱ ላይ ኤፍ7 ነው።

ስማችሁን ጻፉ፣ ኢንተር፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን። ቃሉን ስትጽፉ ምንም አይታይም። ኮከብም፣ ነጥብም የለም። ተበላሽቶ አይደለም፣ ጻፉና ኢንተር በሉ።

እምቢ ካለ አንድ ዘዴ አለኝ። ስም በሚጠይቀው መስመር ላይ የይለፍ ቃላችሁን ጻፉት። እዚያ የምትጽፉት ይታያል። ኪቦርዱ ምን እየጻፈ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አይታችሁ መልሳችሁ አጥፉት፤ ኢንተር እንዳትጫኑ፣ ቃሉ መዝገብ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ኪቦርዱ ደህና ከሆነ አካውንቱ ተቆልፎ ይሆናል። አርክ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት በመሰሉ ሲስተሞች ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፓም ለ10 ደቂቃ ይዘጋባችኋል። በዚያ መሃል ትክክለኛውን ብትጽፉም አይቀበልም። ተነሱ፣ ትንሽ ቆዩና ተመለሱ። ከዚያም በኋላ እምቢ ካለ ቃሉን መቀየር ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱ የግራብን ሜኑ (የቱ ሲስተም ይነሳ ብሎ የሚያስመርጠውን) አምጡ። በአዲሶቹ ማሽኖች ላይ ኤስኬፕን አንዴ መታ ማድረግ፣ በአሮጌዎቹ ላይ ሺፍትን ይዞ መቆየት ነው። ኤስኬፕን ደጋግማችሁ ከመታችሁት ወደ ግራብ ትዕዛዝ መስመር ይወረውራችኋል። ኡቡንቱን በመሰሉት ላይ ከሜኑው የላቁ አማራጮች ውስጥ የሪከቨሪ ሞዱን፣ ከዚያ የሩትን (ሁሉን ማድረግ የሚችለውን ዋና ተጠቃሚ) መስመር ምረጡ። መጀመሪያ «ማውንት ሰረዝ ኦ ሪማውንት ኮማ አርደብልዩ ስላሽ» ትላላችሁ፤ ከሪማውንት እስከ አርደብልዩ አንድ ላይ ነው የሚጻፈው። ያለዚያ ዲስኩ ለንባብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ «ፓስደብልዩዲ» ብላችሁ ስማችሁን ጨምሩና አዲስ ቃል ስጡት።

ቲቲዋይ ካስገባችሁ ግን እፎይ በሉ። አካውንታችሁም የይለፍ ቃላችሁም ደህና ናቸው። ከዚህ በኋላ የምንፈልገው ሴሽኑን የሚጥለውን ነገር ነው።

መዝገቡ ምን ይላል?

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት «ሱዶ ጆርናል-ሲቲኤል ሰረዝ ቢ ሰረዝ ፒ ኢአርአር» በሉ። ሱዶ ትዕዛዙን በሩት ሥልጣን የሚያስኬድ ነው። ጆርናልና ሲቲኤል ተያይዘው ነው የሚጻፉት፣ በመሃል ሰረዝ የላቸውም። ይህ ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ የተመዘገቡትን ስህተቶች ብቻ ያሳያል። ረጅም ነው፣ አብዛኛውም የማይጎዳ ነው። ኢንድ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑና ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ለመውጣት ኪው።

የምትፈልጉት ሦስት ዓይነት መልእክት ነው። «ኖ ስፔስ ሌፍት» ካለ ዲስኩ ሞልቷል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ የፋይል ባለቤትነት ተዛብቷል። ኤንቪዲያ ወይም ዲአርኤም የሚል ስም ከስህተት ጋር ከተደጋገመ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። የላይትዲኤም ተጠቃሚዎች ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ኤክስሴሽን-ኤረርስ የሚባል በነጥብ የሚጀምር ስውር ፋይል ካለ እሱንም አንብቡ።

ዲስኩ

«ዲኤፍ ሰረዝ ኤች» በሉ። የእያንዳንዱ ክፍልፍል ስፋትና የቀረው ቦታ ይመጣል። ስላሽ ብቻዋን ያለችበት መስመር፣ ሆም፣ ቡት፤ እነዚህን እዩ። 100 ፐርሰንት ካላችሁ ችግሩን አግኝታችሁታል። አፕግሬድ ብዙ ጊጋባይት ፓኬጅ ያወርዳል፣ አሮጌ ከርነልም (የሲስተሙን እምብርት) ያስቀራል። ዴስክቶፑ ደግሞ ሲነሳ ትንንሽ ፋይሎችን መጻፍ አለበት። መጻፊያ ቦታ ሲያጣ ምንም ሳይናገር ይወድቃል። ኢኤክስቲ4 የሚባለው የፋይል ሥርዓት ብዙ ጊዜ 5 ፐርሰንት ቦታ ለሩት ብቻ ያስቀምጣል። ሩት እየሠራ እናንተ የምትወድቁትም ለዚህ ነው።

ለማጽዳት ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ አፕት ክሊን» የወረዱትን ፓኬጆች ይጠርጋል። «ሱዶ ጆርናል-ሲቲኤል ሁለት ሰረዝ ቫክዩም-ሳይዝ እኩል ይሆናል 200ኤም» ደግሞ አሮጌውን መዝገብ ወደ 200 ሜጋባይት ያወርደዋል፤ እዚህ በቫክዩምና በሳይዝ መሃል ሰረዝ አለች፣ ኤሟም ትልቋ ናት። ሆም ውስጥ ካሉት ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ዳውንሎድስ እና የቆሻሻ ቅርጫቱ ናቸው። ቡት ከሞላ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» አሮጌ ከርነሎችን ያነሳል። በእጃችሁ ግን ቡት ውስጥ ያለ ፋይል አትሰርዙ።

ዲኤፍ ቦታ እንዳለ እየነገራችሁ መዝገቡ «የለም» ካለ «ዲኤፍ ሰረዝ አይ» በሉ። ዲስክ በባይት ብቻ አይሞላም፤ በፋይል ቁጥርም ይሞላል።

የፋይሎቹ ባለቤት ማን ነው?

ይህኛው ከሞላ ዲስክ ቀጥሎ በብዛት የማየው ነው። በአፕግሬዱ ግርግር ሰው አንድ የመስኮት ፕሮግራም በሱዶ ያስነሳል፣ ወይም ሩት ሆኖ ዴስክቶፑን ለማስነሳት ይሞክራል። ያኔ ሆም ፎልደር ውስጥ ያሉ አንዳንድ ፋይሎች ባለቤታቸው ሩት ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ የእናንተ ሴሽን እነሱን መጻፍ አይችልም።

«ኤልኤስ ሰረዝ ኤልኤ» በሉና ሦስተኛውን ዓምድ ተመልከቱ። «..» ከሚለው መስመር በቀር ሁሉም በስማችሁ መሆን አለበት። በተለይ በነጥብ የሚጀምሩትን ኤክስ-አውቶሪቲ እና አይስ-አውቶሪቲ የሚባሉትን ሁለት ፋይሎች እዩ። ሩት የሚል ካያችሁ «ሱዶ ሲኤች-ኦውን ሰረዝ አር» ብላችሁ ስማችሁን፣ ኮለን (:)፣ እንደገና ስማችሁን፣ ከዚያ ስላሽ ሆም ስላሽ ስማችሁን ጻፉ። ይህቺ አር ትልቋ ናት፤ ሲኤች እና ኦውን ደግሞ አንድ ቃል ናቸው፣ «ቾውን» ብለው የሚጠሩትም አሉ። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት መስመሩን ደግማችሁ አንብቡ። በስላሽና በሆም መካከል ክፍተት ከገባ የሲስተሙን ፋይሎች ሁሉ ባለቤት ትቀይራላችሁ። ያን ጊዜ እውነትም እንደ አዲስ መጫን ይመጣል።

እግረ መንገዳችሁን «ኤልኤስ ሰረዝ ኤልዲ ስላሽ ቲኤምፒ» በሉ። ከፊት የሚመጣው የፈቃድ መስመር በቲ ማለቅ አለበት። ካልሆነ «ሱዶ ሲኤች-ሞድ 1777 ስላሽ ቲኤምፒ» ያስተካክለዋል፤ ሲኤች-ሞድም አንድ ቃል ነው። ቲኤምፒ ላይ መጻፍ ካልተቻለ ዴስክቶፕ አይነሳም።

ፌዶራ ላይ ባለቤትነቱ ደህና ሆኖ ፈቃድ ከተከለከለ ኤስኢሊኑክስ የሚባለው የደህንነት ጠባቂ የሚለጥፋቸው መለያዎች ተዛብተው ይሆናል። «ሱዶ ፊክስፋይልስ ኦንቡት» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። ሲነሳ ፋይሎቹን ሁሉ እንደገና ስለሚያልፍ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ መሃል ላይ አታጥፉት።

በግማሽ የቀረ አፕግሬድ

ላፕቶፑ በመሃል ከጠፋ ወይም ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ግማሹ ፓኬጅ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር ሰረዝ ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ሁለት ሰረዝ ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ በመጨረሻ የተለመደውን አፕዴትና አፕግሬድ። ፌዶራ ላይ «ሱዶ ዲኤንኤፍ ዲስትሮ-ሲንክ» ነው፤ በዲስትሮና በሲንክ መሃል ሰረዝ አለች። ዋይፋይ ከፈለጋችሁ «ኤንኤምቲዩአይ» በሉ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ኔትወርክ የምትመርጡበት ሜኑ ይከፍትላችኋል።

እኔ ነኝ ወይስ ሲስተሙ?

እስካሁን ካልተገኘ አንድ ፈተና አለ። ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። «ሱዶ አድዩዘር ሙከራ» ብላችሁ አዲስ ተጠቃሚ ፍጠሩ፤ «ሙከራ» ባልኩበት በላቲን ፊደል የፈለጋችሁትን ስም ስጡት። ፌዶራ ላይ ከዚያ በኋላ በፓስደብልዩዲ የይለፍ ቃል ስጡት። ወደ መግቢያው ገጽ ተመለሱና በእሱ ግቡ።

ከገባ ሲስተሙ ጤነኛ ነው። ድራይቨሩን አትንኩ፣ ፓኬጅ አትጫኑ። ችግሩ በእናንተ ሆም ፎልደር ውስጥ ካሉት ስውር የቅንብር ፋይሎች አንዱ ነው። ጂኖም ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኤክስቴንሽኖችን ነው። ለአሮጌው ጂኖም የተሠሩ ናቸው፤ አዲሱ ላይ ዴስክቶፑን ይዘው ሊወድቁ ይችላሉ። በነጥብ የሚጀምረው ሎካል ውስጥ፣ ሼር ውስጥ፣ ጂኖም-ሼል ውስጥ ኤክስቴንሽንስ የሚል ፎልደር አለ። በ«ኤምቪ» ስሙን ቀይሩት። አትሰርዙት። ኬዲኢም ሆነ ሌላው ላይ በነጥብ የሚጀምረውን ኮንፊግ ፎልደር በሙሉ ስሙን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ዴስክቶፑ አዲስ ይፈጥርለታል። ከዚያ በፊት ግን በቅርቡ ነጥብ ፕሮፋይልን ወይም ነጥብ ባሽአርሲን ነክታችሁ ከሆነ እነሱን እዩ። አንዲት «ኤግዚት» የምትል መስመር ፕሮፋይል ውስጥ ከገባች ሴሽኑ ገና ሳይጀምር ያልቃል።

አዲሱም ተጠቃሚ ካልገባ

እንግዲህ ነገሩ ከድራይቨሩ ወይም ከከርነሉ ነው። ሪስታርት አድርጉ፣ ግራብ ላይ ከላቁ አማራጮች አሮጌውን ከርነል ምረጡ። በአሮጌው ከገባችሁ አዲሱ ከርነል ድራይቨራችሁን አላገኘውም ማለት ነው። ይህ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያላቸውን ሰዎች በብዛት ያጋጥማል። የኤንቪዲያ ድራይቨር ለእያንዳንዱ ከርነል የሚስማማ ሞጁል ያስፈልገዋል። ያ ሞጁል ዲኬኤምኤስ በሚባለው መሣሪያ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ የሚገነባ ከሆነ ግንባታው ሊከሽፍ ይችላል። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በሉና አዲሱ ከርነል ከኤንቪዲያ ጎን መኖሩን እዩ። ከሌለ የከርነሉን ሄደርስ ፓኬጅ ጫኑና ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ። ኡቡንቱ ላይ «ሱዶ ኡቡንቱ-ድራይቨርስ ኢንስቶል» ካርዱን አይቶ የሚስማማውን ይመርጣል። ካርዱ ያረጀ ከሆነ አዲሱ ድራይቨር ጨርሶ ትቶት ሊሆን ይችላል። የኬፕለር ትውልድ ካርዶች የመጨረሻ ድራይቨራቸው የ470 ቅርንጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለእነሱ አይሠራም።

ሴክዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክለው) የበራበት ማሽን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ያስመርጣችኋል፤ በሚቀጥለው ማስነሻ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ብዙ ሰው ደንግጦ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እዚያ «ኢንሮል ኤምኦኬ» የሚለውን መርጣችሁ ያንን ቃል ካልሰጣችሁ ከርነሉ ድራይቨሩን አይቀበለውም። ያመለጠው ሰው ድራይቨሩን ደግሞ በመጫን ዕድሉን ሊመልስ ይችላል።

አሮጌው ከርነልም ካልረዳ፣ ግራብ ላይ መስመሩን መርጣችሁ ኢ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ። ሊኑክስ ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ክፍተት ጨምራችሁ «ኖሞድሴት» ጻፉና ኤፍ10ን ተጫኑ። ምስሉ ደብዛዛና ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያች አንድ ማስነሻ ብቻ ነው። ድራይቨሩን ለማስተካከል ግን ይበቃል።

የመግቢያው ገጽ ጭራሽ ካልመጣ ደግሞ «ሲስተም-ሲቲኤል ስታተስ ዲስፕሌይ-ማናጀር» በሉ፤ ሲስተም-ሲቲኤል ተያይዞ ይጻፋል፣ በዲስፕሌይና በማናጀር መሃል ግን ሰረዝ አለች። ሞቷል ካላችሁ ወይም ከነአካቴው የለም ካላችሁ ጂዲኤምን ወይም ኤስዲዲኤምን እንደገና ጫኑት። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሁለት ካሉ «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ጂዲኤም3» የትኛው ይሁን ብሎ ይጠይቃችኋል።

ይህም ሁሉ ካልሠራ የሊኑክስ መጫኛ ዩኤስቢ ሰክታችሁ ሳትጭኑ አስነሱት። ከዚያ ሆናችሁ ዲስኩን ክፈቱና ሆም ፎልደራችሁን በሙሉ፣ ስውሮቹን ጨምሮ፣ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ገልብጣችሁ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ አረጋግጡ። እንደ አዲስ ስለመጫን ማሰብ የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ገብታችሁ ከሆነ ግን ገና ጥቂት ሥራ አለ። ስማቸውን የቀየራችኋቸውን የቅንብር ፎልደሮች አንድ በአንድ መልሱ፣ በእያንዳንዱ መሃል ወጥታችሁ ግቡ። የጣላችሁ የትኛው እንደሆነ እዚህ ጋ ይታወቃል። ከአዲሱ ከርነል ጋር ሁለት ጊዜ ሪስታርት አድርጋችሁ እስክታረጋግጡ አሮጌውን አታጥፉ። የሙከራውን ተጠቃሚም ለጥቂት ቀናት አቆዩት።